ከጆሮ በላይ ሁለት ጣት

«አዙሪ አልኩሽ!»

«ምንም የለም ወንጌ። በአላህ ተይኝ።»

«ምንም ከሌለ ምን ያስለቅስሻል? አዙሪ!»

ወንጌላዊት ሰዒዳን ትከሻዋን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረቻት። የዕረፍት ሰዓት ስለነበር የዘጠነኛ ክፍል ልጆች በሙሉ ሜዳ ወጥተዋል፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሰዒዳ በሩን አየት አደረገችና ማንም አለመኖሩን ስታውቅ ሻርፗን በአንድ ጣቷ ገለጠችው። ከጆሮዋ በላይ፣ የመነጽሩ እግር የሚያልፍበት ቦታ፣ ቆዳዋ ተልጧል። ዙሪያው ቀልቷል፤ አንዱ ጫፍ ደግሞ ደርቆ ቅርፊት ይዟል። የዛሬ ቁስል አይደለም።

ወንጌላዊት ዴስኩ ላይ የተቀመጠውን ኮፍያ አየችው። የራሷ ሥራ ነው። ጨርቁ ካኪ ነው፤ የፊት ጥላው ከቢጫ የዘይት ጀሪካን ተቆርጦ ከላይ ብቻ ጨርቅ ለብሶ የተሰፋ። ከጆሮ በላይ፣ በግራም በቀኝም፣ ሁለት ጣት የሚያሾልክ ክፍተት አለው። ክፍተቱ የተተወው የመነጽር እግር እንደልቡ እንዲያልፍ፣ ኮፍያው ከአጥንት ጋር እንዳያጣብቀው ነው። የታሰበውስ እንደዚያ ነበር።

«ይሄ ኮፍያ ነው እንዲህ ያደረገሽ?»

ሰዒዳ ሻርፗን ማስተካከል ያዘች።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ‹ተመቸሽ ወይ?› ስልሽ ‹በጣም፣ አልሐምዱሊላህ› ስትይኝ የነበረውስ?»

«ምን ልበልሽ ታዲያ? አንቺ እንዲያ ደክመሽበት፣ እናትሽ እትዬ አትጠገብም ሥራቸውን ትተው ሲሰፉልን ውለው፣ ‹ያመኛል› ልበል? ሼም ነው እኮ!»

ነገሩ የተጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። የዓይን ሐኪሞች ትምህርት ቤታቸው መጥተው የተማሪውን ዓይን አንድ በአንድ አዩ። ከወር በኋላ አሥራ ሁለት ተማሪዎች መነጽር ተሰጣቸው። ወንጌላዊት ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ መነጽር ስታደርግ ብቻዋን ነበረች። «አራት ዓይን!» ሲሏት «አንተ ሁለቱም በደንብ አይሠሩልህ፣ ምን ታደርግ!» እያለች ብቻዋን ስትመልስ ነው የኖረችው። አሁን በአንድ ጊዜ አሥራ ሁለት ጓደኛ መጣላት። ግን ብዙም ሳይቆይ ግማሾቹ መነጽራቸውን ቦርሳ ውስጥ ከተቱት። ደሴ ብርድ ነው፤ ጠዋት ጭንቅላቱን ሳይሸፍን የሚወጣ የለም። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ የሰልፉን ሜዳ ያነደዋል። ኮፍያ ሲደረግ መነጽሩ ጆሮ ላይ ይቆረጥማል። ከሁለቱ አንዱ ይውለቅ ሲባል የሚወልቀው መነጽሩ ነው፤ እሱ ሲወልቅ ደግሞ ጥቁር ሰሌዳው ጭጋግ ይሆናል።

ወንጌላዊት ሕመሙን ታውቀዋለች። ስለዚህ የእናቷን መቀስ አነሳች፤ ሦስት ጊዜ አበላሽታ በአራተኛው ከጆሮ በላይ ክፍተት ያለው ኮፍያ ሠራች። የፈጠራ ክበቡ አስተማሪ፣ ቲቸር የሱፍ፣ አይተው «ይሄ ነገር ኮምቦልቻ መውረድ አለበት» አሉ። ኮምቦልቻ ቅዳሜ የተማሪዎች የፈጠራ ውድድር አለ። አንደኛ የወጣ ባሕር ዳር ይሄዳል። ወንጌላዊት ከሐይቅ ከተማ ማዶ ሄዳ አታውቅም፤ ባሕር ዳርን የምታውቀው በካርታ ነው። ከጥር ጀምሮ የምትተኛውም የምትነሳውም በዚህ ሐሳብ ነው። አሥራ ሁለቱ ባለመነጽሮች ኮፍያውን ሞከሩት። አሥራ ሁለቱም ተመችቶናል አሉ። ቁጥሩ ፎርም ላይ ተሞልቶ ተላከ። ዛሬ ረቡዕ ነው።

«ቆይ፣ ቤታችን ስለካሽስ?» አለች ወንጌላዊት። «ያኔም ዋሽተሽኝ ነው?»

«ያኔማ ወላሂ ተመችቶኝ ነበር! ሻርፔን አውልቄ ነበራ። ውጪ ስወጣ ነው የጠበበኝ።»

ወንጌላዊት ግንባሯን በመዳፏ መታች። ሴቶቹን በሙሉ የለካቻቸው ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ራሷ ቤት ወስዳ ነው። ወንድ የለም፣ መጋረጃው ተዘግቷል፣ ሻርፑ ሁሉ አልጋው ላይ ተከምሯል፣ እነሱ ይሳሳቃሉ። ሜትሩን የጠመጠመችው ፀጉር ላይ ነው። ከነሻርፓቸው መለካት በሐሳቧም አልመጣ! አብራቸው ስትማር ስንት ዓመቷ፣ በኢድ ቤታቸው ሄዳ በልታ፣ በየቀኑ ተሸፍነው እያየቻቸው፣ ላልተሸፈነ ጭንቅላት ኮፍያ ሰፋችላቸው። ሻርፑ ሲጨመር ኮፍያው ወደ ላይ ይወጣል፤ ክፍተቱም አብሮት ይወጣል፤ የመነጽሩ እግር ላይ የሚያርፈው ጠንካራው የስፌት ጠርዝ ይሆናል። ይኸው ነው የላጣት።

«ሌሎቹስ?»

«መዲናም ያማታል። ረውዳማ...» ሰዒዳ ሳቋ መጣ። «ረውዳማ ቦርሳዋ ውስጥ ነው የምትይዘው። አንቺ ስትመጪ ብቻ ነው ብድግ አድርጋ የምትደፋው።»

ወንጌላዊት መሳቅም ማልቀስም አማራት።

በሩ ብርግድ አለና ተውፊቅ ገባ። ተውፊቅ የክበቡ ሠዓሊ ነው፤ የተጠቀለለ ትልቅ ወረቀት በሁለት እጁ እንደ ሕፃን ታቅፏል።

«ዶክተር!» አላት ወንጌላዊትን። «ዓይንሽን ጨፍኚ። አይ፣ አትጨፍኚ፣ ክፈቺ! ኧረ አራቱንም ክፈቺ!» ወረቀቱን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ዘረጋው። አሥራ ሁለት ኮፍያ ያደረጉ ጭንቅላቶች ተስለዋል፤ ሁሉም ይስቃሉ። ከሥራቸው በአረንጓዴ ቀለም «12 ከ12» ይላል። «ባሕር ዳር፣ መጣንልሽ!»

«ተውፊቅ፣ ውሸት ነው» አለች ወንጌላዊት።

«ምኑ?»

«አሥራ ሁለቱ። ሰዒዳን ኮፍያው አቁስሏታል። ሻርፕ የሚያደርጉትን በሙሉ ይጫናቸዋል።»

ተውፊቅ ሰዒዳን አየ፣ ሥዕሉን አየ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲስለው ነው የከረመው። «እሺ፣ ምን ይጠበስ? ፎርሙ ሄዷል። ዳኞቹ የሚያዩት ፎርሙን ነው። ኮምቦልቻ ላይ ማን መጥቶ ሻርፕ ለብሶ ይሞክረዋል?»

«ሰዒዳ አብራን ትወርድ የለ? አድርጋ የምታሳየው እሷ አይደለች?»

«እሷማ ጓደኛሽ ናት። ‹ተመችቶኛል› ትላለች። አይደል ሰዒ?»

ሰዒዳ ጫማዋን አየች። «በሉ ካላችሁኝ እላለሁ» አለች ቀስ ብላ።

ወንጌላዊትን ከቁስሉ ይልቅ ይህ ከበዳት። ጆሮዋ ተልጦ እንኳ ለእሷ ብላ ልትስቅ ነው።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስትደርስ እናቷ አትጠገብ የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ ጨርሳ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች ነበር። የምትሠራባት ክፍል መንገድ ዳር ናት፤ ሲንጀር መኪናዋ በሩ ሥር፣ የማርያም ሥዕል ከበላዩ።

«እማ፣ ሰው ‹ተመችቶኛል› ብሎሽ ሳይመቸው ቀርቶ ያውቃል?»

«ሞልቶ! ‹እጅሽ ይባረክ እትዬ› ብላኝ ሄዳ ሌላ ሰፊ ጋ የምታስፈታው ስንት አለች መሰለሽ።»

«ታዲያ በምን ታውቂያለሽ?»

«አልጠይቃትማ! ‹ስገጂ እስቲ› ነው የምላት።»

«ስገጂ?»

«አዎ፣ እዚችው ምንጣፍ ላይ። ክርስቲያኗም እንደ ቤተ ክርስቲያኗ፣ ሙስሊሟም እንደ ሶላቷ። ስትጎነበስ ጀርባዋን ከሳባት፣ ብብቷን ከያዛት፣ ከእኔ አያመልጥም፤ እዚያው በሳሙና ምልክት አደርግበታለሁ። ቆማማ ማንም ያምርበታል። ደግሞ በቀልድ እንዳይመስልሽ፤ ‹ጎንበስ ካልሽ አይቀር ለእኔም ጸልዪልኝ› እላታለሁ። ልብስ ሰው የሚኖርበት ነው አንች ልጅ፤ ቆሞ መስታወት የሚያይበት ብቻ አይደለም። ለምን ጠየቅሽኝ?»

ወንጌላዊት ሁሉንም ነገረቻት። የሰዒዳን ጆሮ፣ ረውዳን ከነቦርሳዋ፣ የተውፊቅን ሥዕል።

እናቷ ክር በመርፌ እያስገባች አዳመጠቻት። «ልጂቱ ቅባት ተቀብታለች?» አለች መጀመሪያ።

«አልጠየቅኳትም።»

«እሱን ነበር መጠየቅ። አሥራ ሁለት ብላችሁ ጽፋችኋል ማለት ነው?»

«ጽፈናል።»

አትጠገብ መርፌውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ በቀዳዳው አጮለቀች። ወንጌላዊት የሚቀጥለውን ጠበቀች፤ ቁጣ ወይም ምክር። አልመጣም።

«ካኪው ተርፏል» አለች እናቷ። «ቅባቱ ደግሞ መሳቢያው ውስጥ አለ፤ ነገ ይዘሽላት ሂጂ።»

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ወንጌላዊት አሥራ ሁለቱን ባለመነጽሮች ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ሰበሰበቻቸው። ስድስት ሴት፣ ስድስት ወንድ፤ ሁሉም ኮፍያ ያደረጉ። አጥሩ ላይ የተንጠለጠሉ ልጆች ቢጫውን ጥላ አይተው ጮኹ።

«ጀሪካኖች! ዘይት አለቀ እንዴ?»

«አላለቀም፣ አንተን ጠብሰን ነው የምንጨርሰው!» አለች ወንጌላዊት ዞር ሳትል። ባለኮፍያዎቹ ሳቁ። ሲስቁ ትከሻቸው ላላ አለ። «አሁን ስሙኝ» አለች። «ተመቸ አልተመቸ ብሎ የሚያወራ የለም። ‹ጥሩ ነው› ያለኝ ሰው ዛሬ ያስቀይመኛል። ዝም ብላችሁ የምላችሁን አድርጉ።»

መጀመሪያ እጃቸው መሬት እስኪነካ አስጎነበሰቻቸው። የአብይ ኮፍያ ከጎፈሬው ላይ ፈነጠር ብሎ ሣሩ ላይ ተንከባለለ። ከዚያ ወደ ላይ ቀና ብለው ሰማይ አዩ። ከዚያ የቤተ መጻሕፍቱን ደረጃ በሩጫ ወጥተው በሩጫ ወረዱ። ወንድምአገኘሁ ሲመለስ ሁለቱም የመነጽሩ መስታወቶች በእንፋሎት ነጭ ሆነው፣ እጁን ዘርግቶ ግድግዳ እየፈለገ ነው።

«ጥላው ዝቅ ብሏል» አለ እያለከለከ። «ትንፋሼን ሁሉ መልሶ መነጽሬ ላይ ይለቀዋል። በብርድማ ይብሳል።»

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«መች ሮጬ አውቃለሁ!»

ሊድያ ለግንቦት ልደታ ሹሩባ ተሠርታለች። ኮፍያው ሹሩባው ላይ ቁጢጥ ብሎ ክፍተቱ ከጆሮዋ ርቆ ሄዷል። ሻርፕ ያደረጉት አራቱ ሴቶች ደግሞ፣ ገና ከመጎንበሳቸው ሁሉም በአንድ ላይ እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ላኩ። ማንም አላዘዛቸውም። ወንጌላዊት ይህንን ስታይ እናቷ በሳሙና የምታሰምረው መስመር ታያት።

«የቱ ጋ ነው? በጣት ብቻ አሳዩኝ።»

አሳዩዋት። ረውዳ አንዴ ከጀመረች በኋላ ማቆም አቃታት። «እዚህ ጋ። እዚህም ጋ። ይሄኛውማ ወላሂ ጥርሴ ድረስ ነው የሚሰማኝ። ላብም ያጠምቀኛል። ጀሪካኑ ደግሞ ሲሞቅ ይሸታል!»

«በቃሽ በቃሽ፣ ገባኝ» አለች ወንጌላዊት፤ እየጻፈች ሳቀች። የሚገርመው፣ እንደፈራችው አልከፋትም። ሁለት ሳምንት ሙሉ «በጣም፣ በጣም» ሲሏት የቆዩት ስለ ኮፍያው ምንም አላስተማሯትም ነበር። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ደብተሯ ሁለት ገጽ ሞላ።

ሲቆጠር ያልተቸገረ አምስት ሰው ብቻ ቀረ። አምስት ከአሥራ ሁለት።

ቲቸር የሱፍ ደብተሩን ተቀብለው ቆመው አነበቡት። «ፎርሙ ማክሰኞ ሄዷል» አሉ። «እንግዲህ ሁለት መንገድ ነው ያለሽ። በፎርሙ ከሄድሽ ማንም አይመረምርሽም፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ የማሸነፍ ዕድልሽ ትልቅ ነው። ቁጥሩን ከቀየርሽው ግን ነጥብ ይቀንሳሉ፣ ያውም ብዙ። ጠረጴዛው ጋ የምትቆሚው አንቺ ስለሆንሽ እኔ ይህን አድርጊ አልልሽም።»

«አዲስ ብሠራስ ቲቸር?»

«በአንድ ቀን?»

«ኮፍያ አይደለም። ጥላ ብቻ።»

ዓርብ ከትምህርት መልስ ሰዒዳ ቧንቧ ውሃ መጣች። የእትዬ አትጠገብ ቅባት ጆሮዋ ላይ ያብረቀርቃል። እንደ ልማዷ ሻርፗን ልታወልቅ እጇን ስትሰድ ወንጌላዊት ያዘቻት።

«አታውልቂ። ከነሻርፕሽ ነው የምለካሽ። መነጽርሽንም አድርጊ፤ ልክ ትምህርት ቤት እንደምትሆኚው።»

ሜትሩን በሻርፑ ላይ አዞረችው። ከባዶው ጭንቅላት ጋር ያለው ልዩነት አራት ጣት ነው። አራት ጣት ሙሉ!

አዲሱ አናት የለውም። ግንባር ላይ የሚያርፍ ጥላ፣ ከጥላው ተነስቶ ከጆሮ በላይ እንደ ድልድይ ከፍ ብሎ የሚሻገር ጨርቅ፣ ከኋላ ላስቲክ። ከዓይን ጠርዝ እስከ ጆሮ ጀርባ ድረስ ምንም የሚነካ ነገር የለም፤ የመነጽሩ እግር ቢፈልግ ከሻርፑ ሥር፣ ቢፈልግ ከላይ ይሂድ። ከኋላ ሦስት ቁልፍ ተተከለ፤ አንዱ ለባዶ ፀጉር፣ አንዱ ለሹሩባና ለጎፈሬ፣ አንዱ ለሻርፕ። ጥላውን ደግሞ ትንፋሽ እንዲወጣ ከመነጽሩ አንድ ጣት አራቀችው። መኪናውን የምትረግጠው እናቷ ናት፤ ጨርቁን የምትመራው እሷ።

«እዚህ ጋ ስፌቱን ወደ ውጪ አድርጊው እማ፤ ወደ ውስጥ ከሆነ ይቧጭራል።»

«እሺ ጌታዬ» አለች አትጠገብ። «ሌላ ትእዛዝ?»

ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀ። ሰዒዳ አደረገችው። ማንም ሳይላት ምንጣፉ ላይ ወርዳ ግንባሯን መሬት አስነካች፤ ጥላው እንዳይከለክላት ወደ ላይ ገልበጥ አድርጋው ነበር። ተነሳች። እጇ ወደ ጆሮዋ አልሄደም።

«እዚህ ጋ» አለች ማጅራቷን እየነካች፣ «ላስቲኩ ትንሽ ይይዘኛል።»

ወንጌላዊት አቅፋ ሳመቻት።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ተውፊቅ ሁለት ጥቅል ወረቀት ጉልበቱ ላይ ይዞ ነበር። አንዱ አረንጓዴው ነው። ሁለተኛውን ወንጌላዊት ራሷ በእስክሪብቶ ነው የጻፈችው፤ አምስት ከአሥራ ሁለት፣ ከሥሩ ማንን የቱ ጋ እንደሚጫን።

«የትኛው ነው የሚሰቀለው?»

«ስንደርስ እነግርሃለሁ።»

«ዶክተር፣ እኔ ሥዕሌ ስለሆነ አይደለም እሺ? ትንሽ እሱም አለበት። ግን ባሕር ዳር እኮ ነው!»

«አውቃለሁ ተውፊቅ።»

የማታውቀው የትኛውን እንደምትሰቅል ነው። መኪናው ቁልቁል በታጠፈ ቁጥር ሐሳቧም አብሮ ይታጠፋል። አዲሱን የሞከረው አንድ ሰው ብቻ ነው። አሮጌው ደግሞ ለሰባት ሰው አይሆንም። በእጇ ያለው ሙሉ ነገር አረንጓዴው ወረቀት ብቻ ነው፤ እሱም ውሸት።

ኮምቦልቻ ሞቃለች። ውድድሩ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ በድንኳን ሥር ነው። ገና ጠረጴዛቸውን ሳይጠርጉ መነጽሯ በላቧ ላይ እየተንሸራተተ አፍንጫዋ ጫፍ ደረሰ። አጠገባቸው ከሐርቡ የመጡ ልጆች በፀሐይ የሚሠራ የእህል ማድረቂያ ደርድረዋል። ከላዩ «መቶ በመቶ ውጤታማ» ይላል። ከማዶም «መቶ በመቶ» አለ። ከእሱ ቀጥሎም።

«ሁሉም መቶ ነው እንዴ እዚህ አገር!» አለ ተውፊቅ።

ሰሌዳቸው ገና ባዶ ሳለ ዳኞቹ መጡ። ሁለት ናቸው። ወጣቷ ደብተር ይዛለች። ሽማግሌው አቶ ወልደ ሚካኤል ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የቴክኒክ አስተማሪ እንደሆኑ ቲቸር የሱፍ ነግረዋቸዋል። የቡድኑን ፎርም ከክምሩ ውስጥ አወጡ።

«ሰሌዳችሁ ባዶ ነው ልጆች። ግድ የለም፣ ፎርማችሁ ይኸው። ‹ኮፍያውን አሥራ ሁለት ባለመነጽሮች ሞከሩት፣ አሥራ ሁለቱም ተመቻቸው።› ጎበዞች! እንዲህ ነው እንጂ!»

ብዕራቸውን ነጥብ መስጫው ላይ አሳረፉ። ወንጌላዊት ምንም መናገር አያስፈልጋትም ነበር፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃት ነበር። ሰዒዳ ከጎኗ አሮጌውን ኮፍያ በእጇ ይዛ፣ አድርጊ ከተባለች ልታደርገው፣ ፊቷን ለፈገግታ አዘጋጅታ ቆማለች።

«አምስት ናቸው» አለች ወንጌላዊት።

አቶ ወልደ ሚካኤል ቀና አሉ። «ምን አልሽ ልጄ?»

«የተመቻቸው አምስት ናቸው ጋሼ። አሥራ ሁለት ብለን የጻፍነው ስህተት ነው። ሴቶቹን ስለካ ሻርፓቸውን አስወልቄ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዚያም ‹ተመቻችሁ ወይ› ብዬ ብቻ ጠየቅኩ። ሳስጎነብሳቸውና ሳስሮጣቸው ሰባቱን አስቸገራቸው። አንዷን እንዲያውም አቁስሏታል።»

«አንዷ እኔ ነኝ» አለች ሰዒዳ። ወንጌላዊት ስሟን ላለመጥራት ቃል ገብታላት ነበር፤ ግን ሰዒዳ ራሷ ቀጠለች። «ይጫነኛል ማለት አፍሬ ዋሸኋት። የአሁኑ ግን ይኸውላችሁ።» አሮጌውን ኮፍያ አስቀምጣ አዲሱን ጥላ አደረገች፤ በሦስተኛው ቁልፍ።

ወጣቷ ዳኛ ጠጋ ብላ በሻርፑና በጨርቁ መሀል ጣቷን አሳለፈች። «ይሄኛውን ስንት ሰው ሞክሮታል?»

«አንድ» አለች ወንጌላዊት።

«አንድ ብቻ?»

«አንድ። እሷም ከትናንት ጀምሮ። ማጅራቷ ጋ ላስቲኩ ይይዛታል፤ ገና አላስተካከልኩትም።»

ከሐርቡዎቹ አንዱ ሲስቅ ተሰማ። ተውፊቅ ዞር ብሎ ገላመጠው፤ ከዚያ አረንጓዴውን ወረቀት ጠረጴዛው ሥር ከትቶ ሁለተኛውን ሰሌዳው ላይ ይለጥፍ ጀመር።

አቶ ወልደ ሚካኤል መነጽራቸውን አውልቀው በመሀረብ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «ስሚኝ ልጄ» አሉ። «ፎርም እኔ አላርምም። ያቀረበው ሰው ራሱ ሰርዞ፣ ጽፎ፣ ይፈርምበታል። ከፈረምሽ የምንይዝልሽ አምስቱን ነው። ከግማሽ በታች ማለት ነው። አዲሱ ደግሞ ፎርሙ ላይ ስለሌለ ነጥብ አይሰጠውም። ባሕር ዳር በዚህ ቁጥር አይኬድም። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«የጻፍሽውን እንዳለ ትተሽ የምትሠሪውን ለከርሞ ማስተካከልም ትችያለሽ። እኔ የሰማሁትን ሰምቻለሁ፤ የምፈርደው ግን በወረቀት ነው።»

ብዕሩን ዘረጉላት። ወንጌላዊት ተቀበለቻቸው። ፊርማ የላትም፤ እስከ ዛሬ ፈርማ አታውቅም። ፎርሙን ጠረጴዛው ላይ አስተካክላ «አሥራ ሁለቱም» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችው፤ ከሥሩ እንዲነበብ አድርጋ። ከበላዩ «አምስቱ» ብላ ጻፈች። ከዚያ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አደረገችና ከጎኑ ስሟን ከነአባቷ፣ ሳታሳጥር፣ በጉልህ ጻፈችው፦ ወንጌላዊት አራጋው።